እምነትን በተግባር፣ ሐዋሳ ላይ፦ ስለ ርኅራኄ አገልግሎት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ከተለያየ ቤተ ክርስቲያን የተሰባሰብን ሰዎች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈር እንወጣለን። የታመመ እንጠይቃለን፣ ልጆች እናስጠናለን፣ ሲሆንልን ምሳ አብስለን አብረን እንበላለን። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ አንዳንዶቹ ቀላል ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ቤት ገብተን እንኳ የሚያከራክሩን። መልሶቹን አንድ ቦታ ላይ ጻፍኳቸው። ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር አይስማማም፤ እኔ ግን የማምንበትን ነው የጻፍኩት።

ርኅራኄ ማለት ለነዳያን መመጽወት አይደለም እንዴ? ሌላ ምን ቀረ?

መመጽወት ነው፤ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። እናቶቻችን በዝክርና በሰንበቴ ያቆዩልን ነገር ትልቅ ነው። ሐምሌ 19 ወይም ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሲነግሥ ከተማው መሀል ባለው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ አልፋችሁ ከሆነ፣ ዳቦና ንፍሮ ይዞ የሚመጣውን ሰው አይታችኋል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እነዚያን ሰዎች እናበላቸዋለን፣ ስማቸውን ግን አናውቅም። የት እንደሚያድሩ አናውቅም። ሰርጋችን ላይ አንጠራቸውም። ጌታ ኢየሱስ በሉቃስ 14 ላይ ግብዣ ስታደርግ ድሆችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ ነው ያለው። ምግቡን በር ላይ አውጣላቸው አላለም። የተጠራ ሰው ደግሞ ይቀመጣል፣ ይጫወታል፣ ትንሽ ቆይቶም ተራውን ይጠራል። ዳዊትም ለዮናታን ልጅ ለሜምፊቦስቴ ቀለብ ቆርጦ መላክ ይችል ነበር። ሁለት እግሩ ሽባ የነበረውን ያን ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ከራሱ ገበታ ላይ ነው ያስቀመጠው (2ኛ ሳሙኤል 9)። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ይነሣል፦ የተራበ ሰው እንጀራ ይፈልጋል፣ ከእንጀራው ጋር ግን በመካከላችን ቦታ ይፈልጋል።

ወንጌል መስበክ አይቀድምም? ነፍስ እየጠፋች ሆድ መሙላት ምን ይጠቅማል?

ይህ ክርክር አገራችን ውስጥ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮቿ የጻፈችው ደብዳቤ አለ። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ያኔ ችግሩ ተገልብጦ ነው የመጣው፤ ለጋሾቹ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ሥራ ሲባል ግን እጃቸው ያጥራል። ቤተ ክርስቲያኗ የመለሰችው፣ በእኔ አባባል ሳሳጥረው፣ ሰውን ለሁለት አትክፈሉብን የሚል ነው። ሥጋውም ነፍሱም የአንድ ሰው ናቸው። ቄስ ጉዲና በ1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ፤ ያ ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ብዙ አገልጋዮችን ያስተምራል።

እናም ለእኔ የቱ ይቀድማል የሚለው ጥያቄ ራሱ ከቢሮ የመጣ ይመስለኛል። ቤቱ የፈረሰበት ጎረቤት ፊት ቆሞ ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ያዕቆብ 2፥15-16ን አንብቡት፤ ለራቁቱ ሰው "በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ" ማለት ምን ይጠቅማል ብሎ ጨርሶታል።

እኔ ራሴ ከወር ወር የምደርሰው በግድ ነው። ምን ልሰጥ እችላለሁ?

ብዙ ነገር። ብዙ ጊዜ የሚጎድለን ሰው ነው፣ ብር አይደለም።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልንገራችሁ። ከገጠር ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚመጣ በሽተኛ አለ። አማርኛ አይችልም ወይም በደንብ አይችልም። ካርድ የት እንደሚወጣ፣ ላቦራቶሪው በየት በኩል እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት ውጭ እንደሚገዛ አያውቅም። ወንድሙ አብሮት መጥቷል፣ እሱም አያውቅም። ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ የምትችሉ ከሆነ ግማሽ ቀን አብራችሁት ብትሄዱ ከብዙ ብር የበለጠ ሰጣችሁት። ወረፋ ይዛችሁ ቆማችሁ ማለት ሌላ ምንም ሳይሆን የመልካሙን ሳምራዊ ሥራ መሥራት ነው፤ እሱም ቁስሉን ካሰረ በኋላ እስከ ማደሪያው ድረስ አብሮት ሄዷል።

ደም መስጠትም አለ። ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ልጆች ማስጠናት አለ። ለአልጋ ቁራኛ ልብስ ማጠብ አለ። ለብቻቸው የሚኖሩ አዛውንት ቤት ቡና አፍልቶ መጫወት አለ፤ እባካችሁ ይህን አትናቁት።

ጎዳና ላይ ላሉ ልጆች ብር መስጠት አለብኝ?

ይሄ በጣም ያከራክረናል። የእኔን ልንገራችሁ፦ ብሩን አልሰጥም፣ ልጁን ግን አላልፈውም።

መናኸሪያ አካባቢና ሐይቁ ዳር ማታ ማታ የምታዩአቸው ልጆች አብዛኞቹ ከከተማው ውጭ የመጡ ናቸው። አንዱ እናቱ ሞታ፣ አንዱ እንጀራ አባቱ እየደበደበው፣ አንዱ ሠርቼ እለወጣለሁ ብሎ። ቀን ሊስትሮ ይሠራሉ፣ ዕቃ ይሸከማሉ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚጸዳበት ዙሪያ ይውላሉ። ማታ ብርድና ዝናብ አለ፣ ከእነሱ የሚበልጡ ጎረምሶችም አሉ። ማስቲሽ የሚስቡት ረሃቡንና ብርዱን እንዲያስረሳቸው ነው። የሰጣችኋቸው ብር ብዙ ጊዜ እነዚያ ጎረምሶች ይቀበሏቸዋል። ምግብ ከሆነ ግን እዚያው አብራችሁ ትበላላችሁ፣ ወሬም ይጀመራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። ስሙን ትጠይቃላችሁ። በሌላ ቀን ተመልሳችሁ በስሙ ትጠሩታላችሁ። ከየት እንደመጣ፣ ቤተሰቡ ጋ ስልክ ያለው ሰው ይኖር እንደሆነ ቀስ ብሎ ይነግራችኋል፤ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ብዙ ጊዜ ልክ አይሆንም፣ ምክንያቱም ሊያምናችሁ ገና ነው። መመለስ ከፈለገና ቤቱ የማይጎዳው ከሆነ በክፍለ ከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ ማንም ሰው፣ ልቡ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ለብቻው ልጅ ይዞ ወደ ቤቱ አይወስድም። ወደ ልጆቹ ስንሄድ ቢያንስ ሁለት ሆነን ነው፣ ሰው በሚያየው ቦታ ነው። ይህ የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት ልጁን ነው።

እያታለሉን ቢሆንስ?

አንዳንዱ ያታልላል። ያረጀ የሐኪም ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ በተቻለ መጠን መድኃኒቱን ከመድኃኒት ቤት አብረን እንገዛለን፣ የቤት ኪራይ ከሆነ ለአከራይ እንከፍላለን፣ ቤቱን ሄደን እናያለን። ግን እንዳልታለል ብሎ እጁን ያጠፈ ሰው በመጨረሻ እውነተኛውንም ያልፈዋል። ከሁለቱ መታለል ይሻለኛል።

እርዳታው ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ብቻ ነው? ሙስሊም ጎረቤቶቻችንስ?

ለተቸገረ ሰው ሁሉ ነው። በምሳሌው ላይ ቆስሎ መንገድ ዳር የወደቀው ሰውዬ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ ሳምራዊው አልጠየቀውም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መናገር አለብኝ። ዱቄት ሰጥቶ እሑድ ፕሮግራም ላይ እንድትመጣ ማለት ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ። የተራበ ሰው እምቢ ለማለት አቅም የለውም፤ እምቢ ማለት የማይችል ሰው ደግሞ አመነ አይባልም። ስለ እምነታችን ቢጠይቁን በደስታ እንነግራለን፣ አንደብቅም። ቅድመ ሁኔታ ግን የለም። ለሙስሊም ቤተሰብ ሥጋ የምንወስድ ከሆነ እነሱ ያረዱት መሆኑን እናረጋግጣለን፤ ረመዳን ሲሆን ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ይዘን አንሄድም። ይህን ለማሰብ ትንሽ ማክበር ብቻ ይበቃል።

ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤና ካቶሊክ አንድ ላይ መሥራት ይችላሉ? አይጣሉም?

ስለ ትምህርተ ሃይማኖት ስንጀምር እንለያያለን፤ ልዩነቱም ቀላል ነው ብዬ አላቃልለውም። ድስት ስናጥብ ግን አብረን ነው የምናጥበው።

ለነገሩ መንገዱን ቀድሞ ያሳየን እድር ነው። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሰፈር አንድ እድር ውስጥ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ይወጣል፣ ሴቶቹ ወጥ ይሠራሉ። ማንም የሟቹን እምነት ጠይቆ መዋጮ አይቀንስም። እኛ ሥራ ስንጀምር መጀመሪያ የምናማክረው የእድሩን ዳኛ ነው። ማን እንደተቸገረ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ድስትና አግዳሚም ያበድረናል። የጾም ወቅት ሲሆን ለሁሉም የጾም ምግብ እናበስላለን፣ የማይጾመውም አብሮ ይበላል፣ ነገር አለቀ።

ቤተ ክርስቲያናችን አካል ጉዳተኞችን ለመቀበል ምን ማድረግ አለባት? እኛ ጋ የሚመጣ አካል ጉዳተኛ የለም እኮ።

የማይመጣው ስለሌለ ይመስላችኋል? ደረጃችሁን ቁጠሩት።

ይህ ጥያቄ ሲነሣ ሁልጊዜ የማስታውሰው ማርቆስ 2 ነው። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፣ በሩ በሰው ተዘግቷል፣ ጣራውን ነድለው አወረዱት። ስንሰብከው የአራቱን እምነት እናደንቃለን። በሩ ላይ የቆሙትስ? እነሱም ቃሉን ሊሰሙ የመጡ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ግን ቦታ አልለቀቁም። እኛ ብዙ ጊዜ እነሱን ነን።

አሁን ወደ ሥራው። መግቢያው ላይ ደረጃ ካለ ተዳፋት መሥራት ነው። በተለምዶ የሚሠራበት ልኬት ለአንድ ክፍል ከፍታ አሥራ ሁለት ክፍል ርዝመት ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ደረጃ ካለ ተዳፋቱ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። ከዚያ ካጠረ ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለብጣል። ብዙ ቦታ የማየው ለይስሙላ የተሠራ፣ ገደል የመሰለ ተዳፋት ነው፤ ያ አደጋ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ አዟል፤ እኛ ግን ሕግ ስላስገደደን ሳይሆን በፊት ልናስብበት ይገባ ነበር። መጸዳጃ ቤቱን አትርሱ። ሰው መጸዳጃ የሚጠቀምበት መንገድ ከሌለው ውኃ ሳይጠጣ መጥቶ ተሳቅቆ ይመለሳል።

መስማት የተሳናቸው ካሉ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው ፈልጉ፤ ብርሃን ባለበት፣ አስተርጓሚው በሚታይበት ቦታ አስቀምጧቸው። ሆሳዕና ያለው የመካነ ኢየሱስ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ያስተማራቸው ሰዎች በየከተማው አሉ፤ ከእነሱ ተማሩ። ማየት ለተሳነው ሰው ደግሞ ስማችሁን ነግራችሁ ክንዳችሁን ስጡት፣ እጁን ይዛችሁ አትጎትቱት።

ከዚያ ደግሞ በጣም የሚያመኝ ነገር አለ። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው በገባ ቁጥር ለፈውስ ወደ መድረክ መውሰድ። ጸሎት መልካም ነው፤ ፈውስንም አምናለሁ። ግን ሰውየው ሊዘምር መጥቶ ይሆናል። ጠይቁት። ካልተፈወሰ ደግሞ እምነትህ ስላነሰ ነው አትበሉት፤ ደቀ መዛሙርቱ በዮሐንስ 9 ላይ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁ ጌታ የመለሰው እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ነው። ይህ ከተጻፈ በኋላ እኛ ያንኑ ጥያቄ የምንደግመው ለምንድን ነው? ጥሩ ድምፅ ካለው መዘምራን ውስጥ ይግባ። የሒሳብ ሰው ከሆነ ሒሳብ ይያዝ። እንደ እንግዳ ለዘላለም ተቀባይ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው አባል አይደለም።

ልጄ ኦቲዝም አለበት። በጸሎት ሰዓት ስለሚጮህ መምጣት አቆምኩ።

እህቴ፣ ተመለሽ። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ደግሞ፦ ልጅ ሲጮህ ዞር ብላችሁ እናትየውን አትዩዋት። ያ አስተያየት ስንት ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንዳስወጣ ብናውቅ እናዝን ነበር። ለብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ድምፅ ማጉያው ራሱ ሥቃይ ነው። ከስፒከሩ ራቅ ያለ፣ በር አጠገብ የሆነ ቦታ ይለቀቅላቸው፤ ልጁ ሲረበሽ ወጥቶ የሚመላለስበት ግቢ ይኑር፣ አንድ ሁለት የሠለጠነ ወጣትም በተራ አብሮት ይዋል፤ እናቲቱ ደግሞ ቢያንስ አንዴ ስብከቱን እስከ መጨረሻው ትስማ። አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረተችው ዘሚ የኑስ የራሷን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥታ ነው ሥራውን የጀመረችው። ልጆቹን ቤት ውስጥ መደበቅ እንዲቀር ብዙ ደክማለች። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ያነሰ ልታደርግ አይገባም።

የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ጸሎት ወይስ ሐኪም? ጸበል የሚወስዱም አሉ።

ሁለቱም። መድኃኒቱን አስጥሎ ጸሎት ቤት ወይም ጸበል ማስገባት ሰውን ይጎዳል፤ ታስሮ የተቀመጠ ሰው ካያችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። ስለ ኤች አይ ቪ ተመሳሳይ ክርክር በተነሣ ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል። ያ ቃል ብዙ ነፍስ አትርፏል ብዬ አምናለሁ። የአእምሮ ሕመምም እንደዚያው ነው። ጸልዩለት፣ የቀጠሮ ቀኑን አስታውሱት፣ ክኒኑ እንዳያልቅበት ተከታተሉ።

እግሩ በጣም ያበጠ ሰው አጠገባችን ሲቀመጥ ሰው ይሸሻል። ይተላለፋል?

በደቡብ ደጋማ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ወላይታ ውስጥ፣ ብዙ የሚታየው እብጠት ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሠራ ሰው፣ አፈሩ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ነገሮች በቆዳው ገብተው ነው የሚያሳብጡት። በአንድ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ስለሚታይ ሰው ዘር ነው ብሎ ልጆቻቸውን አያገባም። በዝናብ ጊዜ ከሩቅ ሽታው የሚመጣው ቁስሉ ስለሚመረቅዝ ነው፣ እንጂ ሰውየው ንጽሕና ስለማይወድ አይደለም።

ደስ የሚለው፣ እንክብካቤው ቀላል ነው። እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ መጠምጠም፣ ካልሲና ሰፊ ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጥ እግሩን ከፍ ማድረግ። መጀመሪያ ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ፤ እግር የሚያሳብጥ ሌላም በሽታ አለ። ጸሎተ ሐሙስ ላይ እግር ስንተጣጠብ ንጹሕ የታጠበ እግር ነው የምናቀርበው። ጌታ በዮሐንስ 13 ላይ ያጠበው ግን መንገድ የሄደ፣ አቧራ የነካውን እግር ነበር። እኛ መካከል ይህን የሚያደርጉ እህቶች አሉ፤ ጎንበስ ብለው ያጥባሉ፣ እያጠቡም ይጫወታሉ። እኔ ከነሱ ብዙ ተምሬያለሁ። ጫማ ሲገዛ ደግሞ መጠኑን በልኬት ነው፤ ከሱቅ ያለው አይገባቸውም።

ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆችን እንዴት እንድረስላቸው?

ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከገጠር መጥተዋል። አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። ደመወዙ ትንሽ ነው። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል፣ ስታስወጣ ሥራ ያጡም ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ባዶ እጃቸውን ወደ አገራቸው መመለስ አፍረው እዚሁ ቀሩ።

እነዚህ ልጆች ስብከት አላጡም። ያጡት እናት ነው። ማታ ከሥራ ሲወጡ ጨለማ መንገድ ላይ አብሯቸው የሚሄድ ሰው፣ አከራይ በድንገት ኪራይ ሲጨምር የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ ሲያማቸው አጥሚት ይዞ የሚመጣ ጎረቤት። በዓል ላይ ደግሞ ቤታችሁ ጥሯቸው። የገና ምሳ ኪራይ ቤት ውስጥ ብቻውን የበላ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡ።

ቋንቋውንም አስቡበት። ፕሮግራሙ በሙሉ በአማርኛ ከሆነ ከሲዳማ ገጠር የመጣችው ልጅ ኋላ ተቀምጣ ፈገግ እያለች ትወጣለች። አንድ መዝሙር በሲዳሙ አፎ ዘምሩ፣ ጸሎቱን በልቧ ቋንቋ ትጸልይ። ከተማው የማን እንደሆነ አትርሱ።

የሠራነውን ፎቶ አንስተን ብንለጥፍ ለሌላው ማበረታቻ አይሆንም?

የድስቱን፣ የጥናት ክፍሉን፣ የእናንተን ፎቶ ለጥፉ። ዱቄት እየተቀበለች የምታለቅስ እናት ፎቶ ግን አይለጠፍም። ልጅዋ ነገ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጓደኞቹ ያዩታል። ፈቅዳለች ትሉኝ ይሆናል፤ ዱቄቱ እጃችሁ ላይ እያለ የተጠየቀች ሴት እንዴት እምቢ ትላለች? ግራ እጅህ ቀኝ እጅህ የምታደርገውን አትወቅ የተባለው (ማቴዎስ 6፥3) በካሜራ ዘመንም ይሠራል። ቲክቶክ ላይ ቀጥታ ስርጭት እያደረጉ ምሳ የሚያበሉ ወንድሞች አሉ፤ ልባቸውን አልፈርድም፣ እባካችሁ ግን የሚበሉትን ሰዎች ፊት አታሳዩ።

ማን ምን እንደሚያገኝ የሚወስነው ማን ነው?

እኛ ጋ ከተረዱት ሰዎች መካከል የተወሰኑት ኮሚቴው ውስጥ አሉ። ይህን የተማርነው ከሐዋርያት ሥራ 6 ነው። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻችን በየቀኑ በሚሰጠው ምግብ ተዘለሉብን ብለው አንጎራጎሩ። ሐዋርያቱ ቅሬታውን አልተቆጡም። ሰባት ሰዎች ተመረጡ። ስማቸውን ተመልከቱ፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። የምግቡ ኃላፊነት ቅሬታ ካሰማው ወገን ለሆኑ ሰዎች ተሰጠ ማለት ነው። ይህ የሚገርም እምነት ነው።

ዱቄት ስንገዛ ራሷ የተቸገረች እናት ኮሚቴ ውስጥ ካለች ከሩዝ ይልቅ በቆሎ ይሻላል፣ ከዘይቱ ይልቅ የላምባ ብር ይጎድላል ብላ ትነግረናለች። እኛ ቤታችን ተቀምጠን ይህን አናስበውም።

መዋጮው በማን እጅ ነው?

ባንክ ነው፤ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ነው። ደረሰኝ ይያዛል፣ በየወሩ ለአባላት ይነበባል። ማንም መጠየቅ ይችላል፣ የጠየቀም አይቀየምም።

ደክሞኛል። ችግሩ አያልቅም። ልተወው?

ዕረፉ። ጌታም ሕዝቡ እየፈለገው ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ ይጸልይ ነበር። ወር አረፉ ብሎ ማንም አይወቅሳችሁም፤ ተራ የምንገባውም ለዚህ ነው።

ደግሞ ሁሉንም ለማዳን አትሞክሩ። እዳዬ ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ሄደው ረሃቡን ባዩ ጊዜ አገሩን በሙሉ አላነሡም። ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው የተመለሱት። የኋላው ትልቅ የሕፃናት ማሳደጊያ ድርጅታቸው ከእነዚያ ሁለት ልጆች ነው የተነሣው። እናንተም አንድ ቤት ያዙ። የዚያን ቤት ሰዎች በስም እወቁ፣ ሲያማቸው ድረሱ፣ እናንተ ሲያማችሁ ደግሞ እነሱ ይምጡ፤ አትከልክሏቸው።

ያገለገለ ልብስ ትቀበላላችሁ?

እንቀበላለን። የታጠበ ይሁን። ዚፑ የሚሠራ፣ ቁልፉ የተሟላ። እናንተ ለብሳችሁ ሰፈር ውስጥ ለመውጣት የምታፍሩበትን አታምጡ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን የልጆች ሹራብ፣ ብርድ ልብስና የሴቶች የውስጥ ልብስ ነው፤ የውስጥ ልብስ ግን አዲስ ብቻ። የወር አበባ ሞዴስ የሚሰጥ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ ትምህርት ቤት የሚቀሩት ልጆች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ አስቡበት። ልብሱን ክምር አድርገን አንበትንም። ገበያ ላይ እንደሚሰቀል ሰቅለን፣ የመጣው ሰው ራሱ ለክቶና መርጦ ይወስዳል። ማንጠልጠያ ካላችሁ እሱንም አምጡልን፣ አንሶናል።